ብይዋ

በአንኮሬጅ ዳርቻ፣ ከገደሉ አፋፍ፣
በባሕሩ ትይዩ ዘንበል ያለ ዛፍ፣
ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ አናቱ የቀና፣
ሳይናገር ያወራል፤ መሬቱ ሄዷልና።

ዋሲሊ ጓሮ ገብቶ መሰርሰሪያ ተከለ፤
ሞተሩ ሦስቴ አስሎ በአራተኛው ቀጠለ።
ጠጠር ወጣ፣ አሸዋ፤ በአሥራ ሰባት ሜትር
ሰማያዊ ሸክላ፣ እንደ እርጥብ ሳሙና የሚያበር።
በእጄ ያዝኩት፤ ጠንካራ ነው። አውራ ጣቴ አልሰመጠም።
ግን በዚህ ሥራ የአውራ ጣት ምስክርነት አይበቃም።
ቁራጩን ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ
በማንኪያ ደጋግሜ መትቼ
ሳየው፣
ሾርባ ሆነ።
አንዲት ጠብታ አልጨመርንም።
ውሃው ውስጡ ነበረ፣ ሸክላ መስሎ ረግቶ፣
የሚያናውጠው እስኪመጣ ዘመናት ተኝቶ።
እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ፣ ይባላል ሲተረት፤
ይሄኛው ግን አያስቅም። ይጠብቃል ሌሊት።

ሥራዬ አንድ ክፍልፋይ ነው።
ከላይ ያዡ ኃይል ይጻፋል፣ ከታች ገፊው ይሰፍራል፤
ያዥ ለገፊ ሲካፈል አንድ ከሞላ ቤት ያድራል፤
ካንድ በታች ከወረደ ፊቱን ወደ ባሕር ያዞራል።
ጸጥ ላለ ቀን ሳሰላው አንድ ነጥብ ሦስት ወጣ።
እሰይ።
አሁን ደግሞ በወረቀት መንቀጥቀጡ ይምጣ፦
የአፈሩን ክብደት አምስተኛ ወደ ጎን ገፋሁ በእርሳስ፤
ዜሮ ነጥብ ስምንት።
ላጲሱ እጄ ውስጥ ነበር፤ አኖርኩት፣ ቁጥሩን ሳልደመስስ።

ማርጊት ሃውገን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ በዚያ በስቅለት ዓርብ፣
አራት ደቂቃ ተኩል ምድር ስትርገበገብ።
አባቷ በር መቃን ላይ በክንዱ ጨምቆ ሲይዛት፣
የጎረቤት ግቢ ሲሄድ በመስኮቱ ታያት፤
ከነአጥሩ፣ ከነመኪናው፣ ልብስ በገመዱ ተሰጥቶ፣
እንደ መርከብ፣ ወደ ባሕር፣ ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ።
“ጩኸት አልሰማሁም” አለች፤ “የሰማሁት የሥር ድምፅ ነው፣
እንደ ክር ጠጥ፣ ጠጥ ሲል፤ ዛሬም ስሰፋ የምሰማው።”
“ታዲያ ለምን እዚህ?” አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች፤
“ከዚያ በኋላ መሬት ረከሰ። አባቴ ገዛ” አለች።

አሁን ለልጇ ክፍል ልትጨምር ነው፤
ማዘጋጃ ቤቱ የኔን ፊርማ ነው የሚጠብቀው።

“ወረቀቱ ይቆይ” ብላ ከኪሷ ብይ አወጣች፣
አረንጓዴ ዓይን ያላት፣ ዳር ዳሯ የተፋቀች።
ወጥ ቤቷ መሀል፣ ወለሉ ላይ አኖረቻት፤
ጣቷን ስታነሳ
ብይዋ አሰበች ጥቂት፤
ከዚያ ሄደች፣ ምድጃው ሥር፣ በባሕሩ በኩል።
“ድሮ ሰባት እቆጥር ነበር፤ ዛሬ አራት ሳልል።”
መጥረጊያ እንጨቷን አንስታ ጎንበስ አለች ልታወጣት።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ።

የኔ ሪፖርት አርባ ገጽ ነው፣ ሰንጠረዥና ካርታ፤
የሷ አንዲት ብይ ነች፤ ትደርሳለች ባንድ አፍታ።

“ንገረኝ” አለች፣ “አንተ ብትሆን እዚህ ታድር ነበር?”
ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም። ጣሪያ አየሁ፤ አየሁ በር።
በሩ አይገጥምም።
“በመንገዱ በኩል፣ አዎ” አልኩ። “በባሕሩ በኩል፣ እንጃ።”
አልጋዋን ጎትተን ወሰድን፣ እኔና ዋሲሊ፣ በስጋጃ።
ፊርማዬን ግን ከለከልኩ። ልጇ ደውሎ ሰደበኝ፤
እውነቱን ነው፣ ቤት ቸግሮታል። ቁጥሩ ለሱም አልራራ፣ ለኔም አልራራልኝ።

ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማንኪያዎቼ ተንኳኩ፤
መብራት ሳላበራ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ እስከ ስድስት ቆጠርኩ።
ቆመ።
ወዲያው ስልኩ ጮኸ።
“አልሄደችም” አለች።
“ማን?”
“ብይዋ። በአዲሱ መኝታዬ ወለል ላይ፣ ካስቀመጥኳት አለች።”
ከባሕሩ ማዶ፣ ተኝታለች የሚሏት ተራራ
ጎኗን አልቀየረችም፤ ነጭ ብርድ ልብሷ ሲያበራ።
ስልኩን ይዤ ቆየሁ፣ በረዶ መስኮቱን ሲነካካው፤
“ስንት ደረስሽ?” አልኳት።
“ቆይ” አለች። “ገና እየቆጠርኩ ነው።”